ትሪያምባካ ሄግዴ የለቀሙት፣ ወንድማቸው ያነደደው እንጨት

ደራሲ ትሪያምባካ ሄግዴ ከአባታቸው ከፓርሜሽዋራ ሄግዴና ከእናታቸው ከያሙና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 12 ቀን 1941 ከሲርሲ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በካኑኬሪ መንደር ተወለዱ። በዚያ ዕለት ዝናቡ ስላየለ አዋላጇ ጅረቱን መሻገር አቅቷት እናታችን በጎረቤት እጅ እንደተገላገሉ ስንሰማ አድገናል። ወንድሜ ይህን ሲያነሱ፣ ከሰው ሁሉ በፊት እንኳን ደህና መጣህ ያላቸው ጅረቱ እንደነበር ይናገሩ ነበር።

ይህን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሽሪፓዳ ነኝ። ካረፉ ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጁላይ 10 ቀን የወጡ ሁለት ጋዜጦች፣ የደራሲው አስከሬን እንደ ሥርዓታችን ሲቃጠል የነደደው ለስምንት ዓመት በገዛ እጃቸው የለቀሙት፣ ነፋስ የጣለው ደረቅ እንጨት ነው፤ ለእርሳቸው ሲባል አንድም ዛፍ አልተቆረጠም ብለው ጽፈዋል። ይህን አንብባችሁ፣ ልባችሁ ተነክቶ፣ ከቤንጋሉሩና ከማይሱሩ ድረስ በዚህ ጭቃ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተጻፈው ውሸት ነው። ውሸት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ነገሩን በቀኑና በተራው እናገራለሁ፤ የእርሳቸው ሕይወት ግን በእኔ ጥፋት መጀመር ስለሌለበት ከልጅነታቸው ልነሳ።

በስምንት ዓመታቸው፣ ወንድ ልጅ ቅዱሱን ክር ትከሻው ላይ የሚያጠልቅበት የክር ሥርዓት ደረሳቸው። ካህኑ እሳቱን አንድደው ሲጠብቁ ልጁ ጠፋ። መንደሩ በሙሉ ፍለጋ ወጥቶ ፍሬው በሚታኘከው በአዲኬ ዘንባባ አትክልታችን ውስጥ ተገኘ፤ አንድ ቀንድ አውጣ ከግንዱ ሥር ተነስቶ እስከ ወገቡ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እየቆጠረ። አባታችን ጆሮውን ይዘው እየጎተቱት ሲመጡ፣ "ይሄ ልጅ ወይ ጅል ነው ወይ ሊቅ! ሁለቱም ለአትክልት አይሆንም!" ማለታቸውን አክስቶቻችን እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ይናገሩት ነበር። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። ለአትክልቱ የሚሆነው እኔ እንደምሆን ያን ዕለት የተወሰነ ይመስለኛል።

እስከ አራተኛ ክፍል በመንደራችን ባለ አንድ መምህር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በየቀኑ ሰባት ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ሲርሲ ተማሩ። በ1959 ወደ ዳርዋድ ኮሌጅ ገብተው በ1963 በክልላችን ቋንቋ በካንናዳና በሥነ ጽሑፉ ተመረቁ። ከ1964 ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1999 ድረስ ሲርሲ ውስጥ ቋንቋ አስተማሩ። የክፍሉን መስኮት ዘግተው አስተምረው አያውቁም፤ በክረምት የፊት ወንበር ተማሪዎች ደብተራቸውን በሸሚዛቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ፀጉራቸው ሸብቶ እዚህ ተቀምጠው አያለሁ።

የመጀመሪያ ጽሑፋቸው የወጣው በ1966 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው። እንደምታውቁት እኛ አዲኬ ተካዮች ከአትክልታችን በላይ ባለው ደን ለማዳበሪያ የሚሆን ቅጠል የመመልመል መብት አለን፤ ግንዱን መንካት አይፈቀድም። ሁላችንም ግን እጃችን እየረዘመ፣ ጫፉንም ጭምር እየገፈፍን፣ ዛፎቹን እንደ ምሰሶ አቁመናቸው ነበር። መንግሥትን መስደብ የተለመደ ነገር ነው። ወንድሜ የሰደቡት የራሳቸውን ቤት ነው። "የአባቴ ዛፎች ራቁታቸውን ናቸው" የሚል ርዕስ ሰጥተው፣ የየትኛው ቤት ደን ስንት ዛፍ እንደደረቀበት ከእኛ ጀምረው ዘረዘሩ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው እርሳቸውም ዛፍ ላይ ወጥተው ጫፍ መቁረጣቸውን፣ ያ ዛፍ በሁለተኛው ዓመት መድረቁን፣ የት እንደቆመም ሳይቀር ጻፉ።

አባታችን መጽሔቱን አንብበው፣ "በገበያ መሐል ልብሴን ያስወለቀኝ የገዛ ልጄ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር አላናገሯቸውም። ሁለቱ በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠው እየበሉ፣ "ለዚያ ለመምህሩ እርጎ ጨምሪለት" እያሉ በእናታችን በኩል ይነጋገሩ ነበር። በአራተኛው ወር ግን ለለቃሚዎቹ ጫፍ እንዳይነካ ትእዛዝ የሰጡት አባታችን ናቸው። ወንድሜ የራስን ጥፋት በአደባባይ መጻፍ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ስለነበርኩ ድፍረታቸውን አላየሁም፤ በሲርሲ ገበያ "የራቁቱ ሰውዬ ልጅ" መባሌ ብቻ ነበር የሚያናድደኝ።

በ1968 ከሲዳፑር ወገን የተወለዱትን ባጊራቲን አገቡ። በ1972 ሱሃስን፣ በ1975 ቫራዳን ወለዱ። እትዬ ባጊራቲ ወደ ቤታችን ሲመጡ ያገኙት ባል በቀን አንድ ሰዓት ለሚስት፣ ሁለት ሰዓት ለወፍ የመደበ ሰው ነበር። እትዬም፣ "ክንፍ ባወጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ይሁን እንጂ የወንድሜን የእጅ ጽሑፍ አንብበው ለኅትመት የሚገለብጡት፣ የማይጣፍጠውንም ያለ ርኅራኄ የሚሰርዙት እርሳቸው ነበሩ።

የወንድሜ አጻጻፍ ለየት ያለ ነበር። አዲስ ወረቀት አይገዙም። በእኛ አገር ሰው ሲያገባ ጥሪ የማይልከው ዘመድ የለም፤ የበጋው ወራት ካለፈ በኋላ የሠርግ ጥሪ ወረቀት በየቤቱ ይከመራል። እርሳቸው ጀርባው ባዶ የሆነውን እየመረጡ ይጽፉበታል። ከጊዜ በኋላ ዘመዶቻችን ሁሉ ይህን ስላወቁ፣ "ጀርባውን ለትሪያምባካ ተዉለት" እያሉ ለአታሚው ይናገሩ ጀመር። አሥራ አንዱም መጻሕፍታቸው የተጻፉት በሰው ሠርግ ጀርባ ነው። የመጀመሪያው "የዝናብ ማስታወሻ" በ1974 ወጣ። በ1992 የክልሉን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ የለበሱት ካባ የእኔ ነበር፤ የራሳቸውን አይጥ በልታው አይጧን ሲያጠኗት ነበር።

አባታችን በ1977 ካረፉ በኋላ አትክልቱን ሙሉ በሙሉ የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ቅናት ነበረኝ። እርሳቸው በጅረቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የወፍ ጎጆ ሲመለከቱ፣ እኔ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ፍለጋ መንደር ለመንደር እዞር ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ቤታችን የሚመጣው እርሳቸውን ሊያይ ነው። እኔ በር ከፍቼ፣ "ጋሼ ወደ ጅረቱ ወርደዋል" እላለሁ። አንድ ጊዜ ከማንጋሉሩ የመጣች ተማሪ አትክልተኛው መስያት የሠራተኛ ሰላምታ ሰጥታኝ አለፈች። ለወንድሜ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና ልጅቷን ጠርተው፣ "እኔን የሚያበላኝ ሰው ይሄ ነው፣ ተዋወቂው" አሏት። ሳቃቸውን ያዝኩ፤ ንግግራቸውን አልያዝኩም።

ከመጻሕፍታቸው ሁሉ ሕዝብ የወደደው በ2001 የወጣው "የጅረቱ ዳር ጎረቤት" ነው። ጎረቤት የተባለው በጅረታችን ዳር የቆመው፣ ለአቻር፣ በጨውና በበርበሬ ለሚዘፈዘፈው ማባያ፣ የሚሆን ትናንሽ ፍሬ የሚያፈራው ማንጎ ነው። በማርች ወር ፍሬው ገና ጣት ሳያክል መንደሩ ረጃጅም ቀርከሃ ይዞ ይመጣል፤ ፍሬው ከነዘንጉ፣ መሬት ሳይነካ ነው የሚወርደው። የካኑኬሪ ቤቶች በሙሉ ዓመቱን ሩዝ የሚበሉት በዚያ ዛፍ አቻር ነበር። ወንድሜ ዛፉ ላይ የሚኖሩትን ጉንዳኖች፣ ሥሩ ውስጥ የሚተኛውን እባብ፣ ከሥሩ ቆመው የሚጨቃጨቁትን ሴቶች ጭምር ጻፉ። ሴቶቹም መጽሐፉ ሲነበብላቸው፣ "ጉንዳኑን ቆንጆ አድርጎ እኛን ለፍላፊ አደረገን!" ብለው ለአንድ ወር አኮረፏቸው።

የመጨረሻ መጽሐፋቸው በ2010 ታተመ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፉትን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ትሉታላችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አረንጓዴ የማንጎ ዛፍ ተቆርጦ ከማቃጠያው እንጨት ጋር መግባት አለበት። እርሳቸው፣ "ለእኔ ዛፍ አትቁረጡ። እኔ ስሄድ ሌላ ሕይወት ይዤ መሄድ አልፈልግም። እንጨቴን ራሴ እለቅማለሁ" ብለው ጻፉ። ካህኑ ናራሲምሃ ባት መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ግን አንድ ደረቅ የማንጎ ቅርንጫፍ ካለ ሥርዓቱ አይጎድልም ብለው ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ በየማታው ከእግር ጉዞ ሲመለሱ በብብታቸው እንጨት አይጠፋም ነበር። ነፋስ የጣለውን፣ መብረቅ የሰነጠቀውን፣ ጎርፍ ያመጣውን ከበረቱ ጀርባ ባለው ዳስ ውስጥ በአዲኬ ቅጠል እየሸፈኑ ከመሩት። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው፣ "አያቴ፣ ስንት ቀረዎት?" ይሏቸዋል። እርሳቸውም፣ "እግሬ ሞልቷል፣ ሆዴ ነው የቀረኝ" ይሉ ነበር። እኔ በዚያ ክምር አፍር ነበር። የሞተ ሰው እንጨት በቤቴ ጀርባ ተቀምጦ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ ፎቶ ሲያነሳው፣ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነን እል ነበር። አሁን የማፍረው በሌላ ነገር ነው።

በኖቬምበር 2018 አዲኬውን ለቅመን መቀቀል በጀመርንበት ሳምንት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የእኔ እንጨት ሸራ ሳላለብሰው ስለቀረ ራሰ። ይህ የእርሳቸው ጥፋት አይደለም፣ የሰማዩም አይደለም፤ ሸራውን ሳምንቱን ሙሉ ነገ እዘረጋዋለሁ ስል ነበር። ሠራተኞቹ ፍሬውን ልጠው ጨርሰው ተቀምጠዋል። ትልቁ የመዳብ ድስት ውኃ ተሞልቶ ቆሟል። የተላጠ አዲኬ ካደረ ይበላሻል። ወደ ዳሱ ሄድኩ። መጀመሪያ አንድ እቅፍ ብቻ ነበር ያሰብኩት። የስምንት ዓመት ደረቅ እንጨት እንዴት እንደሚነድ አልነግራችሁም፤ ሠራተኞቹ፣ "እንዲህ ያለ እሳት አይተን አናውቅም" አሉ። በአራት ቀን ውስጥ ጨረስኩት።

በበጋው እተካዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እስከዚያው ከፊት ለፊት አንድ ረድፍ እንጨት ደረደርኩ፤ ከኋላው ደረቅ የአዲኬ ቅጠል አጭቄ ድሮ እንደነበረው ሸፈንኩት። ሥራው ንጹሕ ስለነበር ትንሽ ኮራሁበት ማለት ይቻላል።

በዲሴምበር ወንድሜ በጅረቱ ድንጋይ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። በጋው መጣ። በጃንዋሪ አትክልቱን አስቆፈርኩ፣ በፌብሩዋሪ የዘመድ ሠርግ ነበር፣ በማርች ማንጎው ተለቀመ፣ በኤፕሪል ደከመኝ። ከነዚህ አንዱም እንጨት ከመልቀም አያግድም ነበር። ወንድሜ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር።

"ሽሪ፣ እንጨቴ ደህና ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ።"

"ምስጥ አልገባበትም?"

"ኧረ አልገባበትም።"

"ቢገባበትም አትግደለው፣ የድርሻውን ይብላ። ለእኔ የሚበቃ ይተርፋል።"

ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ደስ ብሏቸው ይተኙ ነበር። እንዲህ ያለውን ውሸት ስንት ጊዜ እንደዋሸሁ አልቆጠርኩም። የሚያሳዝነው ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዋሸቴን ራሱ ረሳሁት፤ "ደህና ነው" ስል እውነት እየመሰለኝ መጣ።

ደራሲ ትሪያምባካ ሄግዴ ሳንባቸው ውኃ ይዞ ለአሥራ ሁለት ቀን ከታመሙ በኋላ ማክሰኞ ጁላይ 9 ቀን 2019 ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱበት ቤት በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ሱሃስ ከቤንጋሉሩ ተነስቶ መንገድ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ እንደማይደርስ ደወለ። ማቃጠያውን የማዘጋጀት ኃላፊነት የእኔ ሆነ። ዝናቡ አራት ቀን አላባራም ነበር። በመንደሩ ደረቅ የሚባል ነገር የኮኮናት ቅርፊት ብቻ ነበር። የመንደሩ ጎልማሶች እንጨቱን ሊሸከሙ ወደ ዳሱ ሄዱ፤ የፊተኛውን ረድፍ ሲያነሱት ከኋላው ያለው ቅጠል ተናደ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ምስጥ ነው። ምስጥ ጨርሶታል" አልኩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ስለ ምስጥ መልካም ነገር የጻፉ ሰው አስከሬናቸው ሳይቀዘቅዝ በምስጥ አሳበብኩ።

ወደ ላይኛው ደን የሚወስደው መንገድ በናዳ ተዘግቷል። ለማቃጠያው ቅርብ የሆነ፣ ተቆርጦም ሰው ሊሸከመው የሚችል ዛፍ አንድ ብቻ ነበር፤ የጅረቱ ዳሩ ማንጎ። መጋዝ የያዘው ቲማ ጋውዳ ዛፉ ሥር ደርሶ ቆመና፣ "ጋሽ ሽሪፓዳ፣ ይሄንን ነው? ይሄንን እኮ እሳቸው..." አለ። "ማንጎ አይደል? ልማዱስ ማንጎ አይደል? ቁረጥ!" ብዬ ጮህኩበት። ሰው በጥፋቱ መሐል ሲቆም ልማድ ጥሩ መደገፊያ ነው። መጋዙ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። እትዬ ባጊራቲ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠው ድምፁን እንደሰሙ አውቃለሁ፤ ከቤቱ እስከ ጅረቱ ሰማንያ እርምጃ ነው።

ሱሃስ በዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እሳቱን ለኮሰ። አረንጓዴ እንጨት አልነድ አለ። የኮኮናት ቅርፊት፣ ቅቤና ጋዝ እየጨመርን ስንታገል ጭሱ ሰውን ሁሉ እያስለቀሰ አሯሯጠው። በዚህ መሐል አንድ ወጣት ጋዜጠኛ፣ ጫማው ጭቃ ውጦት፣ ወደ እኔ መጣ። "ይሄ እሳቸው የለቀሙት እንጨት ነው አይደል?" አለኝ። ጭሱ ውስጥ ነበርን፤ ግንዱ አልታየውም። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ በማግስቱ ግን ያ መነቅነቅ በሁለት ጋዜጣ ወጣ።

በአሥረኛው ቀን፣ ጁላይ 18፣ በጅረቱ ዳር ለቁራ ሩዝ ቀረበ። ቁራ መጥቶ ከበላ ሟቹ ያልተፈጸመ ምኞት የላቸውም፤ ካልበላ ቤተሰቡ የጎደለውን እያሰበ ቃል ይገባል። ወንድሜ በሕይወት ሳሉ፣ ቁራ የሚበላው ሲርበው ነው፤ ስለ ኃጢአታችን የሚያውቀው ነገር የለም ብለው ጽፈዋል። ቢሆንም ሁላችንም ቆመን ወደ ሰማይ አንጋጠጥን። አንድ ቁራ አዲኬው ላይ ተቀምጦ ያየናል፣ አይወርድም።

ሱሃስ፣ "አባዬ፣ ያልታተመውን ጽሑፍህን አሳትመዋለሁ" አለ። ቁራው ክንፉን አራገፈ፣ አልወረደም።

ቫራዳ፣ "አባዬ፣ እማዬን ከዚህ ቤት አላስወጣትም፣ እዚሁ ትኖራለች" አለች። ምንም የለም።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ "ትሪያምባካ እኮ ለሩዝ አቻር ይፈልግ ነበር፣ አቻር ጨምሩለት!" አለ። ሰው ሳቅ ጀመረና ወዲያው አፈረ፤ አቻሩ ከየትኛው ዛፍ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ካህኑ ናራሲምሃ ባት ሰማዩን እያዩ፣ "ቶሎ በሉ ጃል፣ ዝናቡ መጣ" አሉ።

እትዬ ባጊራቲ ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሜ ካረፉ ጀምሮ አልፎ አልፎ ካልሆነ አላናገሩኝም ነበር። "ሽሪፓዳ፣ አንተስ የምትለው የለህም?"

"አትክልቱን... አትክልቱን እጠብቃለሁ ጋሼ" አልኩ።

ቁራው ተነስቶ ራቅ ወዳለ ዛፍ ሄደ። አንድ ሰው ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁ። "ምስጥ አይደለም" አልኩ። "እንጨቱን ለአዲኬው ያነደድኩት እኔ ነኝ። በኖቬምበር። ደህና ነው እያልኩ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ።"

እውነቱን ስናገር ቁራው ወርዶ ይበላል፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ነበር፤ ይህን ማሰቤንም ደብቄ አልሄድም። ቁራው አልመጣም። ዝናቡ ወረደና ሩዙን ያሟሟው ጀመር። በመጨረሻ ካህኑ በሥርዓቱ መሠረት ከሣር ቁራ ሠርተው አፉን ሩዙ ላይ አስነኩት፤ ሥርዓቱ በዚሁ ተፈጸመ። ቤት ስንገባ እትዬ ባጊራቲ ደረጃው ላይ ቆመው፣ "ለእኛ ለአሥር ሰው ነገርከን። ጋዜጣውን ያነበበው ግን አሥር ሰው አይደለም" አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱሃስ ቀደም ብሎ ለዛሬ የሚሆን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ለአታሚ ልኮ ነበር። የጋዜጣው ነገር ገብቶበታል። አታሚው ጋ ሄጄ ማስቆሜን ሲሰማ ክፍሌ ድረስ መጣ።

"አጎቴ፣ ለምን? ሰው እኮ አባዬን ወደደው። አንድ ሰው እንኳ ይህን ሰምቶ ዛፍ ከመቁረጥ ቢቆጠብ ምን ይጎዳል?"

"ውሸት ነው ልጄ።"

"ያማረ ውሸት ነው። አንተስ ከእንግዲህ ሲርሲ ገበያ እንዴት ትወጣለህ?"

ይህን ብሎኝ ሄደ። እርሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአባቱን የ1966 ጽሑፍ አምጥቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። አንብቤው አላውቅም ነበር። ወንድሜ በሰባ ሰባት ዓመት ውስጥ የጻፉትን አንድም ነገር እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም፤ ሁሉንም የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ያን ቀን በሰባ ሁለት ዓመቴ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ያደረቁት ዛፍ የት እንደቆመ የጻፉበት ቦታ ስደርስ ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያም ይህን ጻፍኩ፤ የተበላሸውን እትዬ ባጊራቲ አረሙልኝ።

እንግዲህ ለታሪክ እንዲቀመጥ፦ ደራሲ ትሪያምባካ ሄግዴ የተቃጠሉት እንዳይቆረጥ በለመኑት አረንጓዴ ዛፍ ነው። ምኞታቸውን የሻሩት ምስጥ፣ ዝናብ ወይም ልማድ አይደሉም። ጋዜጠኞች ካላችሁ ስሜን ሙሉውን ጻፉት፤ ሽሪፓዳ ፓርሜሽዋራ ሄግዴ፣ አዲኬ ተካይ፣ ካኑኬሪ።

ከደራሲው በኋላ ባለቤታቸው ባጊራቲ፣ ልጆቻቸው ሱሃስና ቫራዳ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ በየቦታው ያሉ ተማሪዎቻቸውና ይህ ወንድማቸው ቀርተዋል። ዛፍ የማይቆረጥበት፣ ዝናብ በወቅቱ የሚዘንብበት ስፍራ ካለ ነፍሳቸው እዚያ ትረፍ። በዚያም የሚጠይቁትን ሰው ሁሉ እውነት የሚመልስላቸው ይሁን።

አሁን ወደ ምሳው እንሄዳለን። እንደ ልማዳችን የቤቱ ታላቅ በር ላይ ቆሞ እጁን አጣምሮ እንግዳውን ያስገባል። ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እዚያ እቆማለሁ። ሰላምታዬን ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ብቻ ሳትበሉ እንዳትሄዱ፤ ምግቡን ያዘጋጁት እትዬ ባጊራቲ ናቸው።